ቅኝቱ ሲለወጥ፦ የአየር ጠመንጃ፣ የታመቀ አየርና የካሊበር ፊዚክስ

ለከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝ አገር ሳለን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንድ የዒላማ ተኩስ ክበብ ጎራ እንል ነበር። በክበቡ የሚተኮሰው በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር ነው። አንድ ቀን ከአባላቱ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የማሽን ሠራተኛ፣ የአየር ጠመንጃቸውን አዲስ አፈሙዝ ገጥመውለት መጡ። የቀድሞው አፈሙዝ ለ4.5 ሚሊ ሜትር ጥይት የተሠራ ነበር፤ አዲሱ ደግሞ ለ5.5 ሚሊ ሜትር። ከአፈሙዙ በቀር የነኩት አንድም ነገር የለም። የመጀመሪያውን ጥይት በፍጥነት መለኪያው ላይ ሲያሳልፉት ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። ጠመንጃቸው በአንዲት ጥይት ከመዝናኛ መሣሪያነት ወደ ሕገ ወጥ መሣሪያነት ተሸጋግሮ ነበርና!

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው የጦር መሣሪያ ሕግና በ1969 በወጣው ደንብ መሠረት፣ ጥይቱ ከአፈሙዝ ሲወጣ ከ12 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.3 ጁል በላይ ኢነርጂ የሚሰጥ የአየር ጠመንጃ ያለ ልዩ የምስክር ወረቀት አይያዝም፤ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። የእኚህ ሰው ጠመንጃ በአሮጌው አፈሙዝ 0.547 ግራም የሚመዝን ጥይት በሰከንድ 234 ሜትር ይወረውር ነበር፤ ይህም 15 ጁል ነው። በአዲሱ አፈሙዝ 1.03 ግራም የሚመዝነው ጥይት በሰከንድ 190 ሜትር ወጣ። ፍጥነቱ ቀንሷል፤ ኢነርጂው ግን ወደ 18.6 ጁል አድጓል። አየሩ ያው፣ ግፊቱ ያው፣ ሞላው ያው። ታዲያ ትርፉ 3.6 ጁል ከየት መጣ? በዚህ ጽሑፍ የምንመልሰው ይህንን ጥያቄ ነው። እግረ መንገዳችንንም ባለ ሬጉሌተር የአየር ጠመንጃ ለተለያዩ የጥይት ካሊበሮች እንዴት እንደሚቃኝ እንመለከታለን።

አስቀድመን በቃላት እንስማማ። በዚህ ጽሑፍ «ኃይል» ስንል በኒውተን የሚለካውን ገፊ ማለታችን ነው። «ኢነርጂ» ስንል በጁል የሚለካውን ሥራ የመሥራት ችሎታ፣ «ግፊት» ስንል ደግሞ በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈውን ኃይል ማለታችን ነው። «ካሊበር» የጥይቱ፣ በግርድፉም የአፈሙዙ ቀዳዳ ዲያሜትር ነው። በአየር ጠመንጃ ዓለም የተለመዱት 4.5፣ 5.5 እና 6.35 ሚሊ ሜትር ናቸው።

የጥንቱ ችግር

በታመቀ አየር መተኮስ አዲስ ነገር አይደለም። ባርቶሎሜዎስ ጂራርዶኒ የተባለው የቲሮል ተወላጅ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የሠራው የአየር ጠመንጃ በኦስትሪያ ሠራዊት አገልግሎት ላይ ውሎ ነበር። የአየር ማከማቻው የጠመንጃው ሰደፍ ራሱ ሲሆን፣ እርሱን ለመሙላት ከ1,000 ጊዜ በላይ በፓምፕ መንፋት ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1803 እስከ 1806 የአሜሪካን ምዕራባዊ ግዛት ያጠኑት ሉዊስና ክላርክም አንድ የአየር ጠመንጃ ይዘው ተጉዘዋል።

የጥንቱ ጠመንጃ አንድ መሠረታዊ ችግር ነበረበት። በተተኮሰ ቁጥር በማከማቻው ውስጥ ያለው አየር ይቀንሳል፤ አየሩ ሲቀንስ ግፊቱ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲወርድ የጥይቱ ፍጥነት ይለወጣል። ፍጥነቱ የተለወጠ ጥይት ደግሞ ከዒላማው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያርፋል። ይህ ለዛሬው ዒላማ ተኳሽ የማይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ወደ ኦሊምፒክ በገባው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር፣ 10 ነጥብ የሚያሰጠው የዒላማው እምብርት ዲያሜትሩ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ጥራት እያንዳንዱ ጥይት እንደ ቀዳሚው መውጣት አለበት።

ሬጉሌተሩ ምን ይሠራል?

መፍትሔው ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። በቤታችን የጋዝ ሲሊንደር አናት ላይ የሚገጠመው ሬጉሌተር ከውስጥ ያለውን ከፍተኛ ግፊት ዝቅ አድርጎ ለምድጃው የማይለዋወጥ ግፊት ይሰጣል። የጠመንጃውም ሬጉሌተር በዚሁ ስልት ይሠራል። አየሩ በዋናው ሲሊንደር ውስጥ ለምሳሌ በ200 ባር ይታመቃል፤ ሬጉሌተሩ ወደ 85 ወይም 110 ባር አውርዶ አነስተኛ ወደ ሆነች መጠባበቂያ ክፍል ያስገባዋል። ለእያንዳንዱ ተኩስ የሚወጣው አየር ከዚህች ክፍል ነው።

በውስጡ አንድ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ጫፉ ወፍራም የሆነ ፒስተን አለ። ቀጭኑ ጫፍ ከሲሊንደሩ አየር የሚገባበትን ጠባብ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ወፍራሙ ጫፍ የሚመለከተው መጠባበቂያ ክፍሏን ነው። እንደ ሳህን ጎበጥ ያሉ የብረት ቀለበቶች ተደራርበው እንደ ጠንካራ ሞላ ያገለግላሉ፤ ፒስተኑንም ወደ መክፈቻው አቅጣጫ ይገፋሉ። አየር ወደ ክፍሏ ሲገባ ግፊቱ ያድጋል፤ በወፍራሙ ጫፍ ላይ ያረፈው ኃይል ሞላውን ሲያሸንፍ ፒስተኑ ይንቀሳቀስና ቀዳዳውን ይዘጋል። ከተኩስ በኋላ የክፍሏ ግፊት ሲወርድ ሞላው መልሶ ይከፍተዋል።

የኃይሉን መጠን ለመገመት የወፍራሙን ጫፍ ዲያሜትር 12 ሚሊ ሜትር እናድርገው። ስፋቱ 113 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ85 ባር፣ ማለትም በ8.5 ሜጋፓስካል፣ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ላይ 8.5 ኒውተን ያርፋል። ድምሩ ወደ 960 ኒውተን ይጠጋል፤ የአንድ ኩንታል እህል ክብደት ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት ከጣት ቀለበት ብዙ የማይበልጡት የብረት ሳህኖች ናቸው። የሬጉሌተሩን ብሎን ስናጠብቅ ሳህኖቹን ይበልጥ እንጫናቸዋለን፤ የክፍሏም ግፊት ከፍ ይላል። ስናላላው ዝቅ ይላል።

ካሊበር ሲለወጥ ምን ይለወጣል?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጥይቱ በአፈሙዙ ውስጥ ሲሮጥ የሚያገኘው ኢነርጂ፣ የገፋው ኃይል በተጓዘው ርቀት ተባዝቶ የሚገኘው ሥራ ነው። ኃይሉ ግፊት ሲባዛ በአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ስፋቱ በአፈሙዙ ርዝመት ሲባዛ ደግሞ የአፈሙዙን ይዘት ይሰጣል። ስለዚህ ሰበቃን ለጊዜው ብንተው፣

ኢነርጂ = አማካይ ግፊት × የአፈሙዝ ይዘት

ይሆናል። መለኪያዎቹም በሚያስደስት ሁኔታ ይገጣጠማሉ፤ 1 ሜጋፓስካል በ1 ሲሲ (ኩቢክ ሴንቲ ሜትር) ሲባዛ 1 ጁል ነው።

አፈሙዙ 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው እንበል። በ4.5 ሚሊ ሜትር ካሊበር ይዘቱ 7.95 ሲሲ ነው። በ5.5 ሚሊ ሜትር 11.9 ሲሲ፣ በ6.35 ሚሊ ሜትር 15.8 ሲሲ ይሆናል። ካሊበሩ ከ4.5 ወደ 5.5 ሲያድግ ዲያሜትሩ የጨመረው በ22 በመቶ ብቻ ነው፤ ስፋቱና ይዘቱ ግን ወደ 50 በመቶ ጨምረዋል፤ ስፋት በዲያሜትር ካሬ ያድጋልና። እኚያ ጡረተኛ ዲያሜትሩን አይተው «ትንሽ ልዩነት ነው» ብለው ነበር፤ አየሩ የሚያየው ግን ስፋቱን ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ሁለት ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፦ ይዘቱ 50 በመቶ ከጨመረ 15 ጁል የነበረው ለምን 22 አልሆነም? መልሱ፣ ቫልቩ የሚለቀው አየር የተወሰነ ስለሆነና ያው አየር በሰፊ አፈሙዝ ውስጥ ሲበተን አማካይ ግፊቱ ስለሚወርድ ነው። ሁለተኛው፦ 15 ጁልን ለ7.95 ሲሲ ብናካፍል አማካይ ግፊቱ 1.9 ሜጋፓስካል፣ ማለትም 19 ባር ብቻ ነው፤ ሬጉሌተሩ የተስተካከለው ደግሞ በ110 ባር ነበር። የቀረው የት ገባ? ቫልቩ የሚከፈተው ለቅጽበት ነው፤ ከተዘጋ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ የቀረው አየር ጥይቱን እየገፋ ይስፋፋል፣ ግፊቱም በፍጥነት ይወርዳል። በዚያ ላይ አየሩ የሚያልፍበት መተላለፊያ ጠባብ ነው።

አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ

«ለትልቅ ካሊበር ግፊቱን ልጨምር ወይስ ልቀንስ?» ብለን ብንጠይቅ ሁለት ሰዎች ሁለት ተቃራኒ መልስ ሊሰጡን ይችላሉ፤ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ ያለው ሳይለወጥ እንዲቆይ የምንፈልገው ነገር ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሕግ ኢነርጂውን በ16 ጁል ገድቦታል እንበል። አስፈላጊው አማካይ ግፊት ለ4.5 ሚሊ ሜትር 20 ባር፣ ለ5.5 ሚሊ ሜትር 13.4 ባር፣ ለ6.35 ሚሊ ሜትር 10 ባር ገደማ ይሆናል። ካሊበሩ ባደገ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ይቀንሳል።

አሁን ደግሞ የኢነርጂ ገደብ በሌለበት አገር ሆነን፣ ማንኛውም ጥይት በሰከንድ 270 ሜትር እንዲወጣ እንፈልጋለን እንበል። 0.547 ግራም ለሚመዝነው የ4.5 ጥይት 20 ጁል ያስፈልጋል። 1.03 ግራም ለሚመዝነው የ5.5 ጥይት 37.5 ጁል፣ 1.645 ግራም ለሚመዝነው የ6.35 ጥይት ደግሞ 60 ጁል ያስፈልጋል። እነዚህን ለየአፈሙዛቸው ይዘት ብናካፍል አማካይ ግፊቱ 25፣ 31.5 እና 38 ባር ይሆናል። አሁን ካሊበሩ ባደገ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ጨመረ!

ምክንያቱ ቀላል ነው። አየሩ የሚገፋው ስፋት በዲያሜትር ካሬ ያድጋል፤ የጥይቱ መጠነ ቁስ ግን በግርድፉ በዲያሜትር ኪዩብ ያድጋል። ሸክሙ ከትከሻው ይልቅ ፈጥኖ ይከብዳል። ስለዚህ ፍጥነቱ እንዲጠበቅ ግፊቱ መጨመር አለበት። ብሎን ከመንካታችን በፊት «ምን ይጠበቅ?» ብለን መጠየቅ የሚገባንም ለዚህ ነው።

መዶሻና ቫልቭ

ቃታው ሲሳብ በሞላ የሚገፋ አነስተኛ መዶሻ ተወርውሮ የቫልቩን ዘንግ ይመታል፤ ቫልቩም ለአጭር ጊዜ ይከፈታል። ቫልቩን ዘግቶ የሚይዘው በዋናነት የአየሩ ግፊት ራሱ ነው። የቫልቩ መቀመጫ ዲያሜትር 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 28.3 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ነው። በ110 ባር የሚዘጋው ኃይል 311 ኒውተን፣ በ85 ባር ደግሞ 240 ኒውተን ይሆናል። መዶሻው ለቫልቩ የሚያስረክበው ኢነርጂ 0.5 ጁል ቢሆን፣ በ110 ባር ቫልቩን ሊያነሣው የሚችለው ቢበዛ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ85 ባር ግን 2.1 ሚሊ ሜትር ያነሣዋል። ግፊቱ ሲቀንስ ቫልቩ ሰፋ ብሎና ቆይቶ ይከፈታል ማለት ነው።

በክበቡ ያየነው አስገራሚ ነገር የተፈታውም በዚህ ነው። ጡረተኛው ኢነርጂውን ለመቀነስ ብለው ሬጉሌተሩን ከ110 ወደ 100 ባር አወረዱት። እንደገና ተኮሱ። ፍጥነቱ ከ190 ወደ 192 ወጣ! ግፊት ቀንሶ ፍጥነት ሲጨምር ያየ ሰው መለኪያውን መጠርጠሩ አይቀርም፤ እርሳቸውም ባትሪውን ቀየሩለት። ነገር ግን መለኪያው አልዋሸም። በ110 ባር መዶሻው ቫልቩን በሚገባ ለመክፈት ይቸገር ነበር፤ በ100 ባር ተቃውሞው ሲቀንስለት ተጨማሪ አየር ለቀቀ።

ግፊቱን በጣም ከፍ አድርገን መዶሻውን ባናጠናክረው ደግሞ ቫልቩ እስከ ጭራሹ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ሬጉሌተር የሌላቸው ጠመንጃዎች ከሲሊንደር ሙሌት እስከ ባዶነት የፍጥነት ለውጣቸው እንደ ኮረብታ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ዝግ ይላል፤ ከዚያ ይወጣል፤ በመጨረሻም ይወርዳል።

ክራር ደርዳሪ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር አንዱን ክር ብቻ ነክቶ አይተውም፤ ክሮቹ እርስ በርስ እንዲስማሙ ያደርጋል። በአየር ጠመንጃም ግፊቱ፣ መዶሻውና ጥይቱ ተስማምተው ካልተቃኙ አንዱን ብቻ መለወጥ ሌላውን ያዛባል።

አቃኛኘቱ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ጥይቱን እንምረጥ። የጥይቱ መጠነ ቁስ ሳይታወቅ ስለ ኢነርጂ መናገር አይቻልም። በታመቀ አየር በሚሠራ ጠመንጃ ከባድ ጥይት ብዙውን ጊዜ ከቀላሉ የበለጠ ኢነርጂ ይዞ ይወጣል፤ በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚዘገይ አየሩ እርሱን ለመግፋት ጊዜ ያገኛልና። ስለዚህ የኢነርጂ ገደብ ባለበት አገር በቀላል ጥይት ብቻ ለክቶ መርካት አደገኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍጥነቱን እንወስን። ወገቡ ቀጠን፣ ጅራቱ ሰፋ ያለው የተለመደው የእርሳስ ጥይት ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲጠጋ አካሄዱ ይታወካል። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ ብዙ ተኳሾች ከ290 ሜትር በታች መቆየትን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ሬጉሌተሩን ከስሌቱ ተነሥተን እናስተካክል። ግፊቱን ዝቅ ለማድረግ አስቀድሞ ከክፍሏ አየሩን ማስወጣት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ተኩሶ ሳህኖቹ እስኪረጉ መጠበቅ ይገባል።

አራተኛ፣ የመዶሻውን ሞላ እናቃና። ሞላውን ከላላበት ጀምረን በሩብ ዙር እያጠበቅን፣ በየደረጃው አምስት አምስት ጥይት እየተኮስን ፍጥነቱን በግራፍ እናስፍር። ግራፉ መጀመሪያ በፍጥነት ይወጣል፤ ቀጥሎ ይጎብጣል፤ በመጨረሻም ሜዳ ይሆናል። ሜዳው ላይ ከደረስን በኋላ ሞላውን ማጥበቅ ለጥይቱ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ አየር ይባክናል እንጂ። ጥሩው ቦታ ግራፉ የሚጎብጥበት፣ ከሜዳው ፍጥነት ከ3 እስከ 5 በመቶ ዝቅ ያለው ነው። ካልኩለስ የተማረ ተማሪ ምክንያቱን ወዲያው ያየዋል። በዚያ አካባቢ የግራፉ ተዳፋት ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ፣ በመዶሻው ምት ላይ የሚፈጠር ጥቃቅን ልዩነት በፍጥነቱ ላይ ጎልቶ አይታይም።

አምስተኛ፣ ፍጥነቱ ከተፈለገው በላይ ወይም በታች ከሆነ ወደ ሦስተኛው እንመለስ። ግፊትን መቀየር መዶሻውን ዳግም መቃኘትን ይጠይቃልና አንዱን ያለ ሌላው አንተወውም።

ጡረተኛውም ሬጉሌተሩን ወደ 85 ባር አወረዱ፤ ሞላውን እንደገና ቃኙ። ጥይቱ በሰከንድ 169 ሜትር ወጣ፤ 14.7 ጁል። ከሕጉ በታች ነው።

ስለ አየሩ ፍጆታ

ዝቅተኛ ግፊት ሌላም ጥቅም አለው። 250 ሲሲ የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ተሞልቶ እስከ 110 ባር ብንጠቀምበት፣ በከባቢ አየር ግፊት ሲለካ 22.5 ሊትር አየር እናገኛለን፤ እስከ 85 ባር ከሆነ ግን 28.75 ሊትር። ለአንድ ተኩስ 200 ሲሲ አየር ቢወጣ፣ በመጀመሪያው 112፣ በሁለተኛው 143 ጥይት መተኮስ ይቻላል።

የመጠባበቂያ ክፍሏ ይዘትም ከካሊበሩ ጋር መመጣጠን አለበት። ክፍሏ 20 ሲሲ ብትሆንና 200 ሲሲ አየር ቢወጣባት ግፊቷ በ10 ባር ያህል ይወርዳል። ለኃይለኛ የ6.35 ጥይት 500 ሲሲ ቢወጣ ግን 25 ባር ይወርድባታል። ጉድለቱን በ10 ባር ለመገደብ ክፍሏ 50 ሲሲ መሆን ይኖርባታል። ትልቅ ካሊበር ትልቅ ክፍል የሚሻው ለዚህ ነው።

በሽታውን ከቁጥሩ ማወቅ

ሐኪም ትኩሳትን ለክቶ ስለ በሽታው ፍንጭ እንደሚያገኝ፣ የፍጥነት መለኪያውም ብዙ ይነግረናል። የሲሊንደሩ ግፊት ሬጉሌተሩ ከተስተካከለበት በታች ሲወርድ ምን እንደሚሆን እናስተውል። ፍጥነቱ መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቀጥሎ ከወረደ፣ ግፊቱ ለመዶሻው ከብዶት ነበር ማለት ነው። ወዲያው መውረድ ከጀመረ ግን መዶሻው ለግፊቱ በቂ ነበር።

ጠመንጃው ካደረ በኋላ የመጀመሪያው ጥይት ብቻ ከሌሎቹ የሚለይ ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ በሚገባ አይዘጋም፤ አየር ቀስ እያለ ወደ ክፍሏ ይሰርጋል። መንሥኤው ብዙ ጊዜ በቀዳዳው አፍ ላይ ያረፈ ቆሻሻ ወይም ያረጀ ማሸጊያ ነው።

የፍጥነት ልዩነት በዒላማው ላይ ምን ያህል ይታያል? የአየርን ተቃውሞ ብንተወው፣ በ16 ጁል የተተኮሰ ጥይት 30 ሜትር እስኪደርስ የ4.5ቱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። የ5.5ቱ 14.2፣ የ6.35ቱ ደግሞ 22.7 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ፍጥነት በ1 በመቶ ሲለወጥ ውድቀቱ በ2 በመቶ ይለወጣል፤ በ5.5 ካሊበር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በ5 በመቶ ከተለወጠ ግን ልዩነቱ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አንባቢ ከዚህ ሌላ ነገርም ያያል፦ በተገደበ ኢነርጂ ትንሹ ካሊበር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ትልቁ ጎበጥ ብሎ።

አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ደግሞ የከባቢ አየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ይህ ለሬጉሌተሩ ከቁጥር አይገባም፤ ከ85 ባር ውስጥ ሩብ ባር ምንም ያህል አይደለም። ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ግን የሚያጋጥመው አየር ስስ ስለሆነ ፍጥነቱን ዘግየት ብሎ ያጣል።

ሊዘነጋ የማይገባ ጥንቃቄ

«አየር ብቻ ነው» የሚለው አባባል ብዙዎችን ያዘናጋል። 250 ሲሲ አየር በ200 ባር ታምቆ በድንገት ቢለቀቅ ወደ 10,000 ጁል ይጠጋል። ይህም አንድ ኩንታል ጤፍ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ማለትም ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ኢነርጂ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አየሩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አንድም ብሎን አይፈታም። ሲሊንደሩ በንጹሕና ደረቅ አየር እንጂ በፍጹም በኦክሲጅን አይሞላም፤ በከፍተኛ ግፊት ያለ ኦክሲጅን ቅባት ካገኘ ሊቀጣጠልና ሊፈነዳ ይችላል። ጥቂት ጁል ብቻ ያላት ጥይትም ዓይን ታጠፋለች። ከዒላማው በስተጀርባ ጥይቱን የሚያስቀር ግድግዳ መኖሩ ሊረጋገጥ፣ እርሳስ የነካ እጅም ሊታጠብ ይገባል። ከሁሉ በፊት ደግሞ የአገሩን ሕግ ማወቅ ግዴታ ነው። በጀርመን ያለ ፈቃድ የሚያዝ የአየር ጠመንጃ ገደቡ 7.5 ጁል ነው፤ በስኮትላንድ ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2016 መጨረሻ ጀምሮ ለተራውም የአየር ጠመንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ለማጠቃለል

ከብዙዎቹ አንባብያን እጅ የአየር ጠመንጃ ላይገባ ይችላል። ፊዚክሱ ግን በየመንገዱ ነው። በአውቶቡሱ የአየር ፍሬን፣ በሆስፒታሉ የኦክሲጅን ሲሊንደር፣ በጋራዡ የጎማ መንፊያ ውስጥ ያው ግፊት በስፋት ላይ ያርፋል፤ ያው ሬጉሌተር ሞላና አየርን ያስታርቃል። ትምህርቱም ያው ነው። እርስ በርስ በተሳሰሩ ነገሮች መካከል አንዱን ስንለውጥ ሌሎቹ እንዳሉ ይቆያሉ ብለን አንገምት።

ያ ቅዳሜ ሲያበቃ እኚያ ጡረተኛ የተኮሱባትን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። በጀርባዋ ላይ ሦስት ቁጥሮች ጽፈውባት ነበር፦ 85 ባር፣ 169 ሜትር በሰከንድ፣ 14.7 ጁል። ጠዋት ጠመንጃውን ይዘው ሲመጡ ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱንም አያውቁም ነበር። ሳይለኩ ቢሆን ኖሮ፣ ወደ ቤታቸው ይዘውት የሚመለሱት ራሳቸው ሳያውቁት ወንጀለኛ የሚያደርጋቸውን መሣሪያ ነበር።